በሁዳዴ የቀዘቀዘ ምድጃ

አክስቴ አይናዲስ የሰው ቤት ታይ ነበር። በደምበጫ ዙሪያ ሴት ልጁን የሚድር አባወራ ለሽማግሌዎቹ ቃል ከመስጠቱ በፊት እሷን በበቅሎ ይልካታል። መንገደኛ መስላ የሙሽራው ቤት ደጃፍ ላይ ትቀመጥና ውሃ ትለምናለች፤ ውሃው እስኪመጣ ስንት ጊዜ እንደፈጀ፣ ማን ይዞት እንደመጣ ታያለች። የውሻውን ጎን ታያለች። ከዚያ እሳት ለመጫር ብላ ትገባና እጇን አመዱ ላይ ታደርጋለች። አመዱ ለብ ካለ ቤቱ ይበላል ማለት ነው። ከቀዘቀዘ ልጅቷ አትሰጥም። በዚህ ሰባት ሠርግ አስቀርታለች፤ የሰባቱም ሙሽሮች እናቶች ሲረግሟት ኖረዋል።

እኔ የወንድሟ ልጅ ነኝ። ፊት ለፊት አንቱ እላት ነበር፤ አሁን ሳወራት ግን እሷ ማለት ይቀናኛል፣ አንቱ ስላት ትርቀኛለች።

ባሏ ባዘዘው የሞተው በገበያ ቀን ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ገበያ ውሎ ሲመለስ፣ ታሞ የተኛው ሰውዬ ከመደቡ ወርዶ እጁ ወደ እንስራው እንደተዘረጋ አገኙት። ከዚያ ቀን ወዲህ አክስቴ አንድ ነገር ብቻ ትፈራ ነበር፦ አልጋ ላይ የዋለች ቀን ውሃ የሚያቀብላት ሰው ማጣት። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፣ ይርዳውና ውበቱ። «እናታችንን ማን ይያዝ» የሚለው ጨዋታ ሲነሳ አንዱ ሌላውን ያመሰግናል። «የውበቱ ቤት ይሰፋል» ይላል ይርዳው። «የይርዳው ሚስት ደግ ናት» ይላል ውበቱ። በዚያ ላይ በሃምሳ ዘጠኝ ዓ.ም. መሬት ሊለካ ነው የሚል ወሬ አገሩን ሞልቶት ስለነበር ሁለቱም ርስቱን በየስማቸው ለማድረግ ቸኩለዋል። እሷ ይኼን ሁሉ ታያለች። ሳትጠላ ለመውጣት ቆረጠች።

በእኛ አገር ሰው ሲያረጅ ቆብ ጭኖ ከቤተ ክርስቲያን ጥግ ጎጆ መያዙ የተለመደ ነው። የዓመት ቀለቡን ይዞ ይገባል፤ በገዛ ጎጆው ያድራል፣ ጎረቤቶቹም እንደሱው ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው። ግን ቦታው ሁሉ አንድ አይደለም። ስለዚህ አክስቴ የሰው ልጅ ስትድር እንደኖረችው ራሷን ለመዳር ተነሳች። ያኔ ደብረ ማርቆስ አስተምር ስለነበር በቅሎ ተከራይቼ አጀብኳት። ወሩ መጋቢት፣ ጾሙ ሁዳዴ ነበር።

መጀመሪያ ወይራ ሜዳ ማርያም ደረስን። ከጧቱ አራት ሰዓት ይሆናል። ከአንዲት ጎጆ ጭስ ይወጣል። አክስቴ ጭሱን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ገባን። የሠፈሩ እመ ምኔት እማሆይ ወለተ ሰንበት የአንዲት አሮጊት አንገት ደግፈው አጥሚት በማንኪያ ያጠጣሉ። አክስቴ ጎንበስ ብላ አመዱን ነካችው። ትኩስ ነበር።

«በሁዳዴ፣ በጧት፣ እሳት?» አለች።

«ታመው ነው እኮ። ለታመመ ሰው ጾሙ ይላላለታል» አሉ እማሆይ ወለተ ሰንበት ማንኪያውን ሳያቆሙ።

«ታመው ነው ወይስ ጣፍጧቸው?»

አሮጊቷ አፋቸውን ገጥመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እማሆይ ወለተ ሰንበት አገጫቸውን ጠረጉላቸው። አፈርኩ። ግን ቤት ማየት የእሷ ሙያ ነው ብዬ ተከትያት ወጣሁ። መንገድ ላይ «እነዚህ ሆዳቸውን ይዘው የመነኑ ናቸው» አለችኝ። «ነፍሴን ይዤ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

በማግስቱ ከይጁቤ ወዲያ ገደል አፋፍ ላይ ካለችው ጽድ አምባ ጊዮርጊስ ደረስን። ቀትር ነው፤ የሚጨስ የለም፤ የሚጮህ የለም። አሥራ ሁለት ጎጆ አለ። ሽማግሌዎቹ በየደጃቸው ቁርበት ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል፣ ጉንጫቸው ገብቷል። አክስቴ ለመሳለም እያለች ሦስት ጎጆ ገባች፤ በሦስቱም እጇን አመዱ ላይ አደረገች። ስትወጣ ታለቅስ ነበር።

«እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል» አለችኝ። «የበቁ ናቸው። እንዲህ ያለ ጾም በዘመኔ አላየሁም።»

ዛሬም ስጽፈው ያመኛል። ሰባት ሠርግ ያስቀረ ቀዝቃዛ አመድ እዚህ ሲደርስ ጽድቅ ሆኖ ታያት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው እውነት ነው። እኔስ? የተማርኩት ሰውዬ በቅሎ ይዤ ቆሜ ነበር።

አለቃቸው አባ አካለ ወልድ ዓይነ ስውር ናቸው። እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«አባቴ፣ እሳት የምታነዱት መቼ መቼ ነው?»

«እግዚአብሔር በሰጠ ቀን ነው ልጄ።»

መልሱ ደስ አላት። ቀጥላ ያንን አንድ ጭንቀቷን ጠየቀች። «ሰው ሲታመም ውሃ የሚያቀብል አለ?»

«አለችን። እማሆይ አልጣሽ የምትባል ገና ጉልበት ያላት ልጅ አለች። ለሁላችንም ከወንዝ እሷ ትቀዳለች።»

አባ አካለ ወልድ አልዋሹም። የተጠየቁትን መለሱ።

በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ ነገሩ ከሆሣዕና በፊት እንዲያልቅ ተጣደፈ። ቆብ የሚጭን ሰው ለዓለም እንደሞተ ይቆጠራል፤ አስተኝተው በነጠላ ሸፍነው የሙት ጸሎት ደገሙላት። ይርዳውና ውበቱ ራስጌዋ ቆመው ተንሰቀሰቁ። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ወንዝ የወረደችበት እኩል ያለቅሳል ይባላል፤ የእነዚህ ወንዝ እንኳ አልወረደችም ነበር። በሳምንቱ ርስቱን ለሁለት ከፈሉት።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሁለት ጭነት ገብስና አንድ ጭነት ባቄላ ይዛ ጽድ አምባ ገባች። እማሆይ አልጣሽ በፋሲካ ሰሞን ሞተው ስለነበር የተሰጣት የእሳቸው ጎጆ ነው። ረቡዕ ጧት እሳት ለመጫር ወደ ጎረቤት ሄደች። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የመጀመሪያው ጎጆ አመድ ቀዝቃዛ ነው። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ እማሆይ የብርጓል የሚባሉ ባልቴት ተኝተው አገኘች።

«እማሆይ፣ ፋሲካ አይደለም እንዴ? ምነው እሳት አላነደዳችሁ?»

«ምን ልንጥድበት ልጄ?» አሉ እማሆይ የብርጓል።

አክስቴ እዚያው አመዱ አጠገብ ተቀመጠች። መቼ እንደተነሳች አታስታውሰውም።

ነገሩ ቀላል ነበር። ምዕመናኑ በወር አንዴ፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ። ቄሱና ዲያቆናቱ ታች መንደር ነው የሚኖሩት፤ የሚወጡት ለእሑድ ቅዳሴ ነው። በቀረው ቀን ሠፈሩ አዲስ የገባ ሰው ባመጣው እህል ይኖራል፤ ሲያልቅ ይጾማል። ወንዙ ደግሞ ከገደሉ ሥር ነው፤ ወርዶ ለመውጣት ጤነኛ ጉልበት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ከአልጣሽ ሞት በኋላ ጉልበት ያለው የለም፤ በጊዮርጊስ ቀን የመጡት ምዕመናን የቀዱላቸውም እያለቀ ነው። አሥራ አንድ ሰው ነው፤ ማየት የማይችል፣ መቆም የማይችል፣ ቀና ማለት የማይችል። በዚያች ሳምንት እንስራውን አንስታ ወረደች። ውሃ የሚያቀብላት ፍለጋ የመጣች ሴት ለአሥራ አንድ ሰው አቀባይ ሆነች።

በኅዳር ሄጄ ሳያት ደነገጥኩ። ገብሱ ካለቀ ቆይቷል። የቀኝ ጉልበቷ አብጦ እንደ ቅል ሆኗል። ወደ ልጆቿ ልውሰድዎት ስላት ሳቀች፤ «የተቀበረ ሰው ደጅ አንኳኩቶ ያውቃል?» አለች። ይርዳውን ለብቻው ጠየቅኩት። ፍትሐት የተደረገለት ሰው ወደ ቤት ከተመለሰ መቅሰፍት ነው ብሎ አማተበብኝ። እኔ በየወሩ እህል እልካለሁ አልኳት። እህል ይላካል፤ ጉልበት ግን አይላክም።

በመጨረሻ ቀና ብላ ሳታየኝ «ወይራ ሜዳ ሂድና ጠይቅልኝ» አለች። «ይቅር ይሉኝ እንደሆነ።»

እማሆይ ወለተ ሰንበት አላስጨረሱኝም። «ያቺ አመዱን የነካችው? ትምጣ እንጂ» አሉ። ያን ጊዜ አጥሚት ያጠጧቸው የነበሩት አሮጊት ከስቅለት ማግስት አርፈዋል፤ ከአክስቴ ቃል በኋላ በሁዳዴ እሳት አይነድልኝም፣ አጥሚትም አልቀምስም ብለው እንደነበር የነገረችኝ ሌላ መነኩሲት ናት። ለአክስቴ አልነገርኳትም።

አባ አካለ ወልድ ባርከው ለቀቋት። የለመኗት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ከመሄዷ በፊት እንስራዎቹን እንድትሞላ። ሦስት ቀን ሙሉ በዚያ ጉልበቷ ወረደች፣ ወጣች። በቅሎ ላይ ሳስቀምጣት የረገማት የለም። እማሆይ የብርጓል ከውስጥ ሆነው «እግዜር ይስጥሽ» አሉ። ግማሽ ቀን ተጓዝን።

ወይራ ሜዳ ላይ ጎጆ ሰጧት፤ ጉልበቷን በሞቀ ውሃ አሹላት። ጧት ጧት ወለተ ሰንበት ራሳቸው ውሃ በጽዋ ይዘውላት ይመጣሉ። ዕድሜዋን ሙሉ የፈለገችው ይኼ ነበር። ሁለት ቀን ጠጣች። በሦስተኛው ቀን ጽዋውን ተቀብላ ያዘችው።

«ምነው አልጠጡም?» አልኳት።

«ዛሬ ጽድ አምባ ውሃው አልቋል» አለች።

ሰው አይጠፋም፣ መንደሩ ይደርስላቸዋል አልኳት። መንደሩ ባይደርስላቸውም አንቱ ምን ያድርጉ አልኳት። ተቆጣሁም። እሷ ጽዋውን እንደያዘች ሰማችኝ። እኔ ደብረ ማርቆስ በተመለስኩ ማግስት በትር ይዛ በእግሯ ወደ ጽድ አምባ ወጥታለች፤ ያን የግማሽ ቀን መንገድ ሁለት ቀን ሄዳዋለች።

በጥር ሞተች። እንዴት እንደሆነ ያወጉኝ አባ አካለ ወልድ ናቸው። ሰኞ ጧት ውሃው ሳይመጣ ቀረ። ከየጎጆው ተጣሩ፤ እሷም ከጎጆዋ «አሞኛል፣ ውሃ» ብላ መለሰች። ለመነሳት ያልሞከረ የለም አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ድምጿን ተከትለው እየዳሁ ወጥተው ገደሉን ፈርተው ተመልሰዋል። ሰው የመጣው እሑድ ነው፤ እስከዚያ እነሱ በየራስጌያቸው በቀረችው ውሃ ቆዩ። ስሟን እየጠሩ ሲያዋሯት ሰነበቱ፤ እሷም እስከ ረቡዕ ማታ ትመልስላቸው ነበር።