በማር የፈረሰ ሠርግ

ማር አልበላም። ልጆቼ ሐኪም የከለከለኝ ይመስላቸዋል፤ ይምሰላቸው። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከጎጃም የተላከ ነጭ ማር በማሰሮ ይዛልኝ መጣች። ክዳኑን ገና ከፈት ስታደርገው ሽታው ቤቱን ሞላው። «ቅመሺ እንጂ እማማ» ብላ ማንኪያውን አፌ ድረስ ስታመጣው እጇን ገፋሁት። ልጅቷ ደነገጠች። አብረሻት የመጣሽው አንቺም አይተሽ ደነገጥሽ። እንግዲያው ቁጭ በይና ላጫውትሽ፤ እኔና ማር የቆየ ጉዳይ አለን።

ቤታችን ከአራዳ ገበያ ወረድ ብሎ ነበር፣ ዛሬ ፒያሳ ከምትሉት በታች። ያኔ ፒያሳ የሚባል ስም ማንም አያውቅም። አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነበር። ቤታችን እንዳለ ቆዳ ቆዳ ይሸታል፤ እንግዳ ሲገባ አፍንጫውን ሲሸፍን እናያለን እንጂ ለእኛስ አይታወቀንም ነበር። ጠዋት የጊዮርጊስ ደወል ይሰማል፤ ደወሉ ሳያባራ የአባቴ መዶሻ ይቀበለዋል። የመኳንንቱ በቅሎዎች ደጃችን ላይ ተራ ይይዙ ነበር።

ከዚያ አውቶሞቢል መጣ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ነበሩ፤ እኛ ልጆች ጡሩምባውን ስንሰማ እየጮህን እንከተላለን። አባቴ ግን መዶሻውን አስቀምጦ ዝም ብሎ ያያል። አንድ መኰንን አውቶሞቢል በገዛ ቁጥር ስንት በቅሎ ከደጁ እንደሚቀርበት ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

እናቴ ዘጠኝ ወልዳ አምስቱን ቀብራለች። የተረፍነው ሁለት ወንድሞቼ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ነን። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልብ በይልኝ። ግን እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ያስብ ነበር። ወንዶቹ ይማራሉ፣ ደሞዝ ያመጣሉ፣ ሲያረጅ ይጦሩታል። ሴቶቹ የሰው ናቸው፤ ለሰው የሚሄደውን ማን ያስተምራል? «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባል ነበር። እኔ እንዳየሁት ወንዱ በዕድሉ ሲያድግ ሴቷ በባሏ ዕድል ነበር የምታድገው።

ፊደል የቆጠርኩት በስርቆት ነው። ታላቅ ወንድሜ ከቄስ ትምህርት ቤት መጥቶ ዳዊቱን ሲያነበንብ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ጥጥ እፈለቅቃለሁ። መጽሐፉ ወደ እሱ ዞሮ ስለሚቀመጥ ማንበብ የለመድኩት በግልባጩ ነው። እስከ ዛሬ ጋዜጣ ገልብጠሽ ብትሰጪኝ አይቸግረኝም።

አንድ ቀን አዲስ የተከፈተው የሴቶች ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ አንዲት ፈረንጅ ሴት፣ የበቅሎዋን ኮርቻ ልታስጠግን መጣች። እኔ ጥግ ላይ የጋዜጣ ቁራጭ ገልብጬ ይዣለሁ። አይታ ሳቀች። ማንበብ የማላውቅ መስሏታል። ተናደድኩና ከፍ ባለ ድምፅ አነበብኩላት። ሳቋ ቆመ። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ፣ ገልብጣ አይታ፣ መለሰችልኝና አባቴን በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «መስቀል ሲያልፍ ይህቺን ልጅ ወደ እኔ አምጣ። ቦታ አለኝ። ክፍያ አልፈልግም» አለችው።

አባቴ እጅ ነሥቶ «እሺ እሜቴ» አለ። ከሄደች በኋላ ግን ወደ እናቴ ዞሮ፣ «ምን ልትሆን ነው? ለባሏ ደብዳቤ ልትጽፍለት?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ለመስቀል የቀረውን ቀን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ሽማግሌዎች መጡ። የላከቻቸው አራዳ ላይ ሁለት ሱቅ ያላት፣ አቡጀዲና ጨው የምትነግድ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንድ ወንድ ልጅ ብቻ አላት፤ ለእሱ ነው የጠየቀችኝ። ሁለት ሴቶች ልጆቿን የኅዳር በሽታ በአንድ ሳምንት ወስዶባታል። ልጁ ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ ስሙን በክፉ የሚያነሳ አላየሁም። ለአባቴ ደግሞ ነገሩ ከሰማይ የወረደ መና ሆነለት። ማጫው ጥሩ ነው፤ ከዚያ ይልቅ ግን ልጓሙንና ጠፍሩን በሱቆቿ ልትሸጥለት ቃል ገብታለች። የወንድሞቼ ትምህርት፣ የቤታችን ቀለብ፣ ሁሉም በእኔ ጋብቻ ላይ ተንጠለጠለ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ዕድሜዬ ዐሥራ ሦስት ነበር።

ማንም አልጠየቀኝም። እናቴ ብቻ ፀጉሬን ስትሠራኝ፣ «ከፋሽ?» አለችኝ።

«ከፋኝ።»

«እኔም ከፍቶኝ ነበር» አለችና ሹሩባውን ጠበቅ አደረገችው።

ከአባቴ ሱቅ የማይጠፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ነገር አዋቂ፣ ከአማላጆቹም አንዱ እሳቸው ናቸው። ኮርቻ ላይ ተቀምጠው የጥንት ሙግት ሲያወሩ ቀኑ ይመሻል። በዚያ ሰሞን ደም ያለበት አንድ ሰው እንዴት ከባለ ደሙ ቤት ማር ይዞ ገብቶ የጡት ልጅ እንደሆነ ሲያወሩ ሰማሁ። የማታውቂው ከሆነ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ መሆን የሚፈልግ ሰው በምስክር ፊት «አጥቡኝ» ይላል፤ የተለመነው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያጠባዋል። ጡት ይባል እንጂ የሚጠባው አውራ ጣት ነው። በምስክር ፊት የለመነን መመለስ ነውር ነው። አንዴ ካጠቡት ከወለዱት አይለይም። «ቂሙም ይቀራል፣ ጋብቻውም ይቀራል» አሉ ሽማግሌው፣ ጢማቸውን እየዳበሱ።

ጋብቻውም ይቀራል። እዚያው የያዝኩትን ጥጥ ጣልኩት።

እንቁጣጣሽ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ ልታየኝ መጣች። ዝናቡ ገና አልወጣም፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ እሷ ግን ቀሚሷን ሳታቆሽሽ ገባች። አንድ እንስራ ማር አሸክማ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አባቴ አዲስ ጋቢ ለብሷል። እኔ እጅ አስታጥቤ እንድወጣ ነው የታዘዝኩት።

ውኃውን ሳፈስላት ፊቴን ቀና ብላ አየችኝና፣ «አይዞሽ፣ እንደ ምራት አይደለም፣ እንደ ልጄ ነው የማይሽ» አለች።

እንዲህ ያለውን ቃል አማት ሁሉ ይናገረዋል። እኔ ግን ማሰሮውን አስቀምጬ እግሯ ሥር ተንበረከኩ።

«እንደ ልጅዎ ከሆነ፣ እሜቴ፣ በእነዚህ ሽማግሌዎች ፊት ያጥቡኝ።»

አባቴ የልጅ ነገር መስሎት ሳቅ ጀመረ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ምን እንዳሰበች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ልጆቿን ይሁን፣ እኔን ይሁን። እንባዋ ሲወርድ ብቻ አየሁ። እንስራው ከጎኗ ነበር፤ ክዳኑን አነሳች፣ አውራ ጣቷን ነከረች፣ አፌ ውስጥ አደረገችው። ጠባሁ። ከዚያን ቀን በፊትም በኋላም እንደዚያ ያለ ጣፋጭ አልቀመስኩም፤ በሆዴ ግን ፍርሃቱ ሐሞት ሆኖብኝ ነበር።

«ልጄ ነሽ» አለች።

መጀመሪያ የገባቸው እኚያው ሽማግሌ ናቸው። «ኧረ ጉድ! ኧረ ጉድ! እህትና ወንድም አደረገቻቸው!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። አባቴ ፊቱ ደም መሰለ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ጠፍር አንዱን አውርዶ ወደ እኔ መጣ። እናቴ እልፍኙ በር ላይ ቆማለች፤ ልቧ ከማን ጋር እንደነበረ ዓይኗን አይቼ አውቄያለሁ።

ሴትዮዋ ከፊቱ ቆመች። ከእሱ በክንድ ታጥር ነበር።

«ልጄን ነው እኮ የሚመቱት» አለችው።

አባቴ እጁን አወረደ። ምን ያድርግ? ምስክሮቹ ለዚያ ቀን እሱ ራሱ የጠራቸው ናቸው። እሷ ግን በዚህ አላበቃችም፤ የጡት እናት ናትና በእኔ ጉዳይ ቃል አላት። እኔ ቀስ ብዬ በጆሮዋ የነገርኳትን ይዛ፣ «ልጄ መስቀል ሲያልፍ ትምህርት ቤት ትገባለች» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። የጡት ልጇ በሆንኩ በሁለት ሳምንቴ፣ የምኒልክ ሐውልት ባለበት አደባባይ አልፌ፣ ጸጉሬን በዘይት አሳምሬ ገባሁ። አባቴ በሩ ድረስ አልሸኘኝም። አትሸኘኝ ብዬ በሆዴ ፎከርኩ። ደግሜ ልጅ ብሆን ደግሜ አደርገዋለሁ፤ ይህን ለማንም ለመናገር አላፍርም።

ነገር ግን የአባቴ ችግር እዚያው ነበር። በቅሎዎቹ እየቀነሱ ነው። ጥቂት ወራት ቆይተው ሽማግሌዎቹ እህቴን ለዚያው ልጅ ብለው ተመለሱ። «ማሩን የጠባችው ታላቂቱ ናት፤ ታናሺቱን ምን አገባት?» አሉ። ትክክል ነበሩ። እህቴ የማንም የጡት ልጅ አልነበረችም።

ይህን አላሰብኩም ነበር። ያን ሁሉ ስሸርብ፣ ያን ሁሉ ቀን ስቆጥር፣ አጠገቤ የምትተኛው ልጅ አንድም ቀን ትዝ አላለችኝም። ወደ ጡት እናቴ ሮጬ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅኩ። «እኔ እምቢ ብል አባትሽ ለሌላ ይሰጣታል» አለችኝ። «የማይታወቅ ቤት ከምትገባ እኔ ዘንድ ትግባ። ቢያንስ በእኔ ቤት የሚመታት የለም።» ይህም እውነት ነበር። ተናድጄ ስንት ነገር ተናገርኳት፤ ሁሉንም ሰማችኝ፤ ግን መልሷን አልለወጠችም።

ሠርጉ እህቴ እስክትደርስ ተብሎ ለቀጣዩ ዓመት ጥር ዘገየ። እስክትደርስ ያሉት ዐሥራ ሦስት ዓመቷን ነው። የሠርጉ ዕለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በልማዱ እኔ የሙሽራው እህት ነኝ። ስለዚህ የመጣሁት ከወሳጆቹ ጋር ነው። ተወልጄ ያደግኩበት ደጅ ላይ ከሚዜዎቹ ኋላ ቆሜ «አናስገባም ሰርገኛ» ሲባል ሰማሁ። የሚዘፍኑት የሰፈራችን ልጆች ናቸው፤ ሲያዩኝ ድምፃቸው ቀነስ አለ። እህቴ ተሸፋፍና ወጣች፤ በሻሿ ሥር ዓይኗ ፈልጎ አገኘኝ። አባቴ እስካሁን ከሠራው ሁሉ ያማረውን ኮርቻ ሠርቶላት ነበር። በቅሎዋ ላይ ስትወጣ እግሯ እርካቡ ድረስ አልደረሰም።

እዚያ ቆሜ ማልኩ። የሙሽራው ቤት ልጅ ካደረጉኝ ደጁ አይዘጋብኝም አልኩ። አልተዘጋብኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ስፈታ ደብተሬን ይዤ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ከሱቁ ጀርባ፣ የአቡጀዲ ጥቅል ላይ ተቀምጠን አስተምራታለሁ። መጽሐፉን ወደ እሷ አዙሬ ነበር የማስቀምጠው፤ እሷ በቀናው እንድትማር፤ እኔስ የለመድኩት ነው። ባሏ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ አይቶን፣ «ሚስቴን ልታስኮበልያት ነው?» ብሎ ቀለደ። «ወንድሜ፣ አንተንም ላስተምርህ እችላለሁ» አልኩት። ሳቀና ሄደ። በወሩ የሱቁን ደብዳቤ የምታነብለት እሷ ሆነች።

እህቴ በዐሥራ አራት ዓመቷ ወለደች። ልጁን እያጠባች ታነብ ነበር። ሲያለቅስ ታቆማለች፣ ሲተኛ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ሌላ ልጅ አረገዘች። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በነበረው የክረምት መግቢያ፣ ምጡ ሦስት ቀን ቆየባት። ጠዋት መልእክተኛ መጥቶ ከትምህርት ቤት አስጠራኝ። ስደርስ አልቆ ነበር። ሕፃኗ ተርፋለች። የጡት እናቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ነበር፤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። የቀበረቻት ሦስተኛ ሴት ልጇ ነበረችኮ።

ሕፃኗን አሳድጌ አስተምሬያታለሁ። አባቴ እርጅናው ላይ «ይህቺ ደግሞ ትማር» ያለኝ ጊዜ ምንም አልመለስኩለትም፤ ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም።

ማር ግን አልበላም። ሰዎች ተጸጸትሽ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። እምቢ ማለቴ አይጸጽተኝም። ብቻዬን እምቢ ማለቴ ነው የሚቆጨኝ። ይህንኑ ለእህቴ ለራሷ ነግሬያታለሁ። ከመሞቷ በፊት የመጨረሻው ግንቦት ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት፤ ከደጅ የጨው ሻጮቹ ጫጫታ ይሰማል፤ ልጁ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ትምህርቱን አቋርጬ፣ «ያን ቀን አንቺን አላሰብኩሽም» አልኳት። «ይቅር በዪኝ።»

ጣቷን ካነበበችበት መስመር ላይ ሳታነሳ ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደ ልጅነታችን ሳቀች።

«ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ ማሩን እቀድምሽ ነበር» አለችኝ።