አፈር ስሆን የማይባልበት አገር

ከፍኖተ ሰላም የወጣሁት፣ ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው። አባቴ በዋዜማው ከቡሬ ገጠር መጥተው አድረው መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። እናንተ የመምህራን ክፍል ጓደኞቼ ስትሰሙ ምን እንዳላችሁ ደርሶኛል፦ አሥራ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረች ሴት፣ በዚህ ዕድሜዋ የምን ኖርዌይ ነው! እውነታችሁን ነው። ደምበጫ እስክንደርስ ልውረድ፣ አልውረድ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር።

የመጣሁበት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት አለቀ፤ ሥራ ግን አልተገኘም። የሥራ ቢሮዋ ሴትዮ ወረቀቶቼን አገላብጣ አገላብጣ፣ በአገሩ ቋንቋ ለማስተማር ገና ብዙ እንደሚቀረኝ ነገረችኝ።

«ጽዳትስ?» አለችኝ።

«ለጽዳት ቋንቋ አያስፈልግም?»

«ፈገግታ ይበቃል» አለች፣ እሷ ሳትስቅ።

እንዲህ ብዬ መርከብ ጠራጊ ሆንኩላችሁ። መኪና ከነሰዉ ጭና ፊዮርድ የምታሻግር መርከብ ናት። ፊዮርድ ማለት፣ የጮቄን ተራራ ለሁለት ሰንጥቃችሁ መሃሉን ባሕር ሙሉበት፤ እሱ ነው። ውሃው ጥቁር፣ ጸጥ ያለ፣ ተራራው ተገልብጦ የሚታይበት። የመጀመሪያ ቀን ሳየው «አቤት ሥራህ!» ብዬ መወልወያዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቀጥሎ ፍርሃቱ መጣ። ውሃና እኔ የቆየ ቂም አለን። ተማሪ ሳለሁ ክረምት ላይ የላህን ወንዝ ስሻገር ደራሽ ውሃ ጠርጎኝ፣ አንድ መንገደኛ በዱላው ጎትቶ ነው ያወጣኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ለእኔ ተረት አይደለም። ስለዚህ መስኮቱን እንኳ የምወለውለው ፊቴን አዙሬ ነበር።

አሁን ስለ ቱሪድ ልንገራችሁ። አከራዬ ናት፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት። ቤቷ የገባሁ ዕለት የዓሣ ሾርባ አቀረበችና ብዪ አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ግን አሳዳጊ አለኝና «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እስክትለኝ እጠብቃለሁ። ሳህኑን አንስታ ሄደች! በረኃብ አደርኩ። እኛ ዘንድ እኮ በመጀመሪያው ግብዣ እጁን የሰደደ እንግዳ ስሙ አገር ይዞራል።

ከዚህ መማር ነበረብኝ፤ አልተማርኩም። አንድ ቀን ካፒቴናችን ኦላቭ ጠራኝና የማትሮስ ኮርስ መግባት እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ። ማትሮስ ገመድ አሳሪው፣ መኪና አስገቢና አስወጪው ነው፤ ከዚያ እየተማሩ መርከብ እስከ መምራት መድረስ አለ። ፈራሁም፣ ጓጓሁም። አፌ ግን እንደለመደው «ኧረ ለእኔ ይበዛብኛል» አለ። «እሺ» ብሎኝ ሄደ። በማግስቱ ጠበቅሁት። በሦስተኛው ቀን የሚያልፍበት ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ሰላም ብሎኝ አለፈ።

እሑድ ለቱሪድ ነገርኳት።

«እምቢ ብለሻል እኮ» አለች።

«አንዴ ብቻ ነው ያልኩት።»

«ስንት ጊዜ ነው የሚባለው?»

ሦስት ስላት የምትሠራውን ሹራብ አስቀምጣ አየችኝ። እዚህ ሰው የተናገርሽውን ነው የሚያምንሽ አለችኝ። እንዴት ያለ አገር ነው ብዬ ደነቀኝ፤ አፍሬም ዋልኩ።

ሰኞ የካፒቴኑን ደረጃ ስወጣ የያዘኝ ፍርሃት ከላህ ይብስ ነበር። በዕድሜዬ ለአለቃ «እፈልጋለሁ» ብዬ አላውቅም፤ ሰው ሲያውቅልኝ፣ ሰው ሲለምነኝ ነው ያደግሁት። ግን እንዲህ ስጠብቅ ብኖር እርጅናዬን ከመወልወያ ጋር ነው የምጨርሰው። አንኳኳሁ።

«እፈልጋለሁ» አልኩት። «ውሃ እፈራለሁ፣ ግን እፈልጋለሁ።»

አንድ ቦታ ቀርታ ነበር። ኮርሱ ላይ ከአራት ሜትር ከፍታ ባሕር ውስጥ መዝለል እንዳለ ሳይደብቅ ነገረኝና ሐሙስ ይመቸኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሐሙስ ቀይ የጎማ ልብስ አለበሱኝ። ከታች ያ ጥቁር ውሃ አለ። ፈሪ ለእናቱ ነው ብዬ ልመለስ ዞር ስል ከኋላዬ ሰልፍ። እመብርሃንን ጠርቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ዘለልኩ። ቅዝቃዜው ትንፋሼን ነጠቀኝ፤ ሁሉ ጨለመ፤ ከዚያ ውሃው ራሱ ከፍ አድርጎ አወጣኝ። እንደ ቅል ተንሳፈፍኩ። ዙሪያዬን በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከላይ ሰማይ፣ መሃሉ ላይ እኔ የቡሬዋ። ስፈራው የኖርኩት ነገር ተሸክሞኝ ተኝቻለሁ እኮ። ይህን ሁሉ ሠርቶ ለእኔም አሳየኝ ብዬ እያለቀስኩ ሳቅሁ።

በማግስቱ ኔትወርክ ተገኝቶ አባቴን አገኘኋቸው። ዝላዩን አልፌያለሁ፣ የመርከብ ሰው ልሆን ነው ስላቸው ሴት ቢሆኑ እልል ይሉ ነበር። ከዚያ የካፒቴኑን ነገር፣ እዚህ ሰው አንዴ ብቻ እንደሚጠየቅ፣ እየሳቅሁ አጫወትኳቸው። እሳቸው አልሳቁም።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «የምትሄጂ ዋዜማ ‹ባትሄጂስ› ያልኩሽ እኔም አንዴ ነው። እንዳልከብድሽ ብዬ። ደግሜ ብልሽ ትቀሪ ነበር?»

«እንጃ፣ አባባ» አልኳቸው።

ደግመው አልጠየቁኝም።