የተቆራረጠው ኒካህ

«አንቺ ካሜራ ስትነኪ ኔትወርኩ ራሱ ይሸሻል!» አለኝ አለቃዬ፣ መርሳ ላይ፣ ሠርግ ቤት መሀል። ሰው ሳቀ። ሙሽራው ሳይቀር ሳቀ። እኔ የካሜራውን ማቆሚያ አጠፍኩ፤ ማን ማን እንደሳቀ ግን አንድም አላመለጠኝም።

ሥራችን ሠርግ መቅረጽና ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች በቀጥታ ማሳየት ነበር። ምስል በሞባይል ኔትወርክ የሚሄደው በጥቃቅኑ ተቆራርሶ ነው፤ ከፊሉ መንገድ ላይ ይጠፋል። አለቃዬ ላፕቶፑን ያዘጋጀው የጠፋው ሁሉ እንደገና እንዲላክ ነው። ኔትወርኩ ሲደክም፣ የጠፋው ተጠይቆ እስኪመጣ ምስሉ ይደርቃል። በዚያ ላይ ጥራቱን ጣሪያ ያደርሰዋል፤ ዝቅ ማድረግ ደንበኛ መናቅ ይመስለዋል።

እኔ የማስተላለፊያ ፕሮግራሙን የእንግሊዝኛ መመሪያ ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ አንብቤዋለሁ። ሌላ ዘዴ አለ፤ ትርፍ አብሮ መላክ። ሦስት ቁጥር ከነድምራቸው ብትልክ፣ አንዱ ቢጠፋ ተቀባዩ ከድምሩ ቀንሶ ያገኘዋል፤ «ድገምልኝ» ማለት የለም። ለትርፉ ቦታ እንዲገኝ ጥራቱን ትቀንሳለህ፣ በቃ። ይህን ስነግረው «ዩኒቨርሲቲ ያልገባች መሐንዲስ!» ብሎ ተሳለቀብኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውርጌሳ ላይ ኒካህ ነበረን። የሙሽሪት አባት ሞተዋል፤ እህቱን እንዲድሩለት ሼሁን መወከል ያለበት ጅዳ ያለው ወንድሟ ነው። ሙሽራውን አይቶት አያውቅም። በስልክ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ፊቱን ሳላይ ቃሌን አልሰጥም» ብሏል።

ሙሽራውን ልናሳየው ካሜራውን ስንከፍት ምስሉ ደረቀ።

«አሁንስ ታየህ?» አሉ ሼሁ።

«የታየኝ ግማሽ ጆሮ ነው፣ ሼሃችን» አለ ወንድሟ በስልክ።

የሙሽራው አጎት «ይሄ ልጅ ይቀልድብናል!» ብለው ጫማቸውን ፍለጋ ተነሡ። የሙሽሪት እናት በሩን ይዘው ቆሙ። «አላህን ፍሩ፣ ልጄን ጥላችሁብኝ አትሂዱ!»

አለቃዬ በላብ ተጠምቆ ወደ እኔ ዞረ። «ያችን ነገር አድርጊያት።»

«የቷን?»

«የነገርሽኝን።»

«እኔ ስነካው ኔትወርኩ ይሸሽ የለ እንዴ ጋሼ?»

«አሁን የቂም ጊዜ ነው?»

«አዎ። በሰው ፊት ነው ያዋረድከኝ፤ በሰው ፊት ቃልህን አንሣ።»

እናትየዋ አሳዘኑኝ። እጄን ግን ከኪሴ አላወጣሁም። አጎትየው አንድ እግራቸውን ተጫምተዋል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ አለቃዬ፣ ለምንጣፉ።

«ሼሁ አልሰሙህም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባቴ! እሷ ነግራኝ ነበር፣ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት!»

ሼሁ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ሰማን። በይ ልጄ፣ ቶሎ በይ።»

ጥራቱን ቀነስኩት፤ ትርፉን ከፈትኩት። ምስሉ ሻካራ ሆነ፣ ግን አልተቆረጠም። ሙሽራው ፊቱን ወደ ካሜራው አቀና።

«ማሻአላህ፣ ጢሙን እንዴት አሳምሯል!» አለ ወንድሟ ከስልኩ እየሳቀ። «እህቴን እንዲድሩልኝ ወክየዎታለሁ፣ ሼሃችን።»

እናትየዋ በሩ ሥር ቁጭ ብለው አለቀሱ። ዱአው ተደርጎ፣ ሁሉም «አሚን» ብሎ እስኪጨርስ ከላፕቶፑ አልተነሣሁም። ከዚያ ሁሉንም አለቃዬ ወደሚወደው መልሼ አዘጋጀሁለት፤ ጥራቱን ጣሪያ፣ ትርፉን ዝግ።

«ነገ ሐራ ከተማ ሠርግ አለን» አለኝ ድምፁን አለስልሶ። «በጊዜ ነይ፣ እሺ እህቴ?»

እኔ ጋ የነበረውን የስቱዲዮውን ቁልፍ ላፕቶፑ ላይ አስቀመጥኩለት። ሼሁን እጅ ነሥቼ ወጣሁ፤ አስፋልቱ ላይ የወልዲያ ሚኒባስ አስቁሜ ተሳፈርኩ።