ቤተ ክርስቲያኑን በዕድሜ የበለጠው ቤት

በመንደራችን በኡርዛባል ሰው በአባቱ ስም አይጠራም፤ በቤቱ ነው። ኤራሙን በመታወቂያው ላይ ሌላ የቤተሰብ ስም አለው፤ ያንን ስም የሚያውቁት ግን ፖስተኛውና ግብር ሰብሳቢው ብቻ ናቸው። ለእኛ የኢቱራልዴው ኤራሙን ነው። አባቱም የኢቱራልዴው ይባል ነበር። ነገ አንድ ባዕድ መጥቶ ቤቱን ቢገዛው፣ እሱም ወደደም ጠላም የኢቱራልዴው ሆኖ ያርፈዋል።

እንግዲህ ኤራሙን በቤቱ ቢኮራ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ኩራቱ ልክ ስላጣ ነው። ሰባ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ወንደላጤ ነው፤ ስልሳ በጎች፣ ጥቂት የንብ ቀፎዎችና ከእሱ እኩል የምታስል አንዲት ትራክተር አሉት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመንደሩን የቅርስ ማኅበር አቋቋመና ራሱን ሊቀ መንበር አድርጎ መረጠ። አባላቱ ሦስት ነበሩ። አንዱ ሞተ፣ ሌላው ጆሮው ደነቆረ፤ ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ ውሳኔ ሁሉ በሙሉ ድምፅ ያልፋል።

የየጋራውን፣ የየምንጩን፣ የየማሳውን ስም በደብተር መዝግቧል። አንድ ቀን ዕድሜ ልኩን በአንድ ተራራ ላይ በግ ሲጠብቅ የኖረ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቁሞ፣ የተራራው ስም በትክክል እንዴት እንደሚጠራ ግማሽ ሰዓት አስተማረው። ሽማግሌው አመስግኖ ሄደ፤ ተራራውንም በለመደው ስም መጥራቱን ቀጠለ።

የዚህ ሁሉ አዋቂ የእግር እሾህ ግን ከገዛ በሩ በላይ ነበር። በእኛ አገር ቤት የሚሠራ ሰው ከደጁ በላይ ባለው ድንጋይ ላይ የባልና የሚስቱን ስም፣ ከሥሩም ዓመቱን ያስቀርጻል። የኢቱራልዴ ድንጋይ 1763 ይላል። ከመንገዱ ማዶ ያለው የኤቸጎየን ቤት ድንጋይ ደግሞ 1643። መቶ ሃያ ዓመት! ኤራሙን ጠዋት መስኮቱን በከፈተ ቁጥር ያ ቁጥር ፊት ለፊት ያፈጥበታል። ይባስ ብሎ የኤቸጎየን ቤት እመቤት ማይሻን ናት። ማይሻን ባሏ የሞተባት፣ ምራቋን የዋጠች ሴት ናት፤ ከኤራሙን ጋር ከተኳረፉ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። የተጣሉት ወደ እሷ አጥር በዘለቀ አንድ የለውዝ ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፉን በሦስተኛው ዓመት ነፋስ ገነጠለው፤ ጠቡ ግን አልተነካም።

ባለፈው ጸደይ ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ወሬ አመጣ። የቅርስ ባለሙያ ከከተማ ትመጣለች፣ አሮጌ ቤቶችን ትመዘግባለች፣ ለጎብኚ የሚታደል መጽሔትም ይታተማል። የመጀመሪያው ገጽ የመንደሩ ጥንታዊ ቤት ነው። ኤራሙን ይህን ሲሰማ እንጀራው የተቆረጠ ያህል ፊቱ ጠቆረ። ማይሻን በመጀመሪያው ገጽ፣ እሱ በአራተኛው!

አንድ እሑድ መንደሩ ሁሉ ኳስ በእጅ ከግድግዳ ጋር የሚማታበትን ግጥሚያ ለማየት ወደ መጫወቻው ወረደ። ኤራሙን መሰላሉን አቆመ፣ መሮና መዶሻ ያዘ። ሰባቷን ቁጥር አንገቷን አቅንቶ፣ ሆድ አውጥቶላት አምስት አደረጋት። አዲሱ ጭረት እንዳያሳብቅበት በአጓትና በፍግ ለወሰው፤ ከዝናቡ ጋር ሁለት ወር ሳይሞላ ድንጋዩ ሽበት አወጣ። 1563። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው በ1602 ነው፤ ሰውየው ማይሻንን በልጦ አልበቃውም፣ እግዚአብሔርንም ቀደመ።

ባለሙያዋ መጣች፣ አየች፣ ፎቶ አነሳች። ኤራሙን ደረቱን ነፍቶ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ቤተ ክርስቲያኑን የሠሩት ግንበኞች ምሳቸውን የሚበሉት በእሱ ቅድመ አያቶች ማዕድ እንደነበር ተረከላት። ከእሱ የባሰ የተደሰተው ከንቲባው ጋኒሽ ነው። ጋኒሽ የመንደሩ ብቸኛ መጠጥ ቤት ባለቤት ስለሆነ ጎብኚ ሲባል ጥማቱ ነው የሚታየው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኤራሙን ልጅ የለውም። በእኛ ዘንድ ቤት አይከፋፈልም፤ አንድ ሰው ሙሉውን ይረከባል፣ የሚረከብ ከሌለ አለቀ። ከኢቱራልዴ በላይ ያሉ ሁለት ቤቶች መስኮታቸው ተዘግቶ ቀርቷል፤ የገዟቸው ከተሜዎች በዓመት ሁለት ሳምንት መጥተው ሥጋ ጠብሰው ይሄዳሉ። ኤራሙን ከሞት በላይ የሚፈራው ይህንን ነው። ደግነቱ የእህቱ ልጅ ኦይሃና ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር መጥታ ቤቱንም በጎቹንም ልትረከብ እሺ ብላው ነበር። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጎቹ ወደ ሌላ በረት ይውጡና ምድር ቤቱ ሳሎን ይሁን፣ በደቡቡ ግድግዳ ላይም ሰፊ መስኮት ይከፈት። ቤቱ ዋሻ ነው፤ በቀትርም መብራት ይፈልጋል። ኤራሙን በደስታ ተስማምቶ ነበር።

በመስከረም ከቅርስ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። የኢቱራልዴ ቤት የመንደሩ ጥንታዊ ቤት ሆኖ ስለተመዘገበ ከግድግዳው አንዲት ድንጋይ እንዳትነቃነቅ፣ መስኮት የሚባል ነገርም እንዳይታሰብ ይላል። ኦይሃና ስትደውል አልተቆጣችም። "አጎቴ፣ ልጆቼን ጨለማ ውስጥ አላሳድግም" አለችው። "እስከ ገና እንጠብቅሃለን። ካልሆነ ሌላ ቤት እንይዛለን።"

ኤራሙን ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ከንቲባው ዘንድ ሄደና የሠራውን ተናዘዘ። ጋኒሽ ብርጭቆ እየወለወለ አዳመጠው። የቅርስ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቅርስ አበላሸ ቢባል ማን ያምናል አለው፤ መጽሔቱ ታትሟል፣ የጎብኚ አውቶቡስም ተይዟል፣ አንተ ደግሞ ሰሞኑን ደክሞሃል፣ ትንሽ እረፍ። ባለሙያዋ በስልክ የተሻለ መልስ ሰጠችው። ድንጋዩን ድሮ የሚያውቅ ምስክር ካቀረበ ሐሙስ መጥታ እንደምትሰማ ነገረችው።

ያንን ድንጋይ በየቀኑ ፊት ለፊት የምታየው አንዲት ሰው ብቻ ናት።

ለነገሩ ማይሻን ለኢቱራልዴ የመጀመሪያ ጎረቤት ናት። የመጀመሪያ ጎረቤትን ሰው አይመርጠውም፤ ቤት ከቤት ጋር የተሳሰረበት የአባቶች ግዴታ ነው፣ ቢኳረፉም አይፈርስም። የቤቱ ጌታ ሲሞት ቀብሩን የሚያስፈጽመው፣ በልማዳችን ለቤቱ ንቦች ሳይቀር መርዶ የሚነግረው እሱ ነው። ኤራሙን አንድ ሙሉ የበግ አይብ በጨርቅ ጠቅልሎ መንገዱን ተሻገረ። አሥር እርምጃ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ፈጅቶበታል።

"እንደምን ከረምሽ፣ ማይሻን" አለ በሩ ሲከፈት።

"ሠላሳ ዓመቱን ደህና ከርሜያለሁ" አለችው። "ግባ፣ ብርድ አታስገባብኝ።"

ነገሩን ሲነግራት እጇን አጣምራ ሰማችው። የዚያን እሑድ ራሷን አሟት ተኝታ እንደነበርና የመሮው ድምፅ እንዳላስተኛት ነገረችው። ኤራሙን ጆሮው ድረስ ቀላ። አይቡን ተቀበለች፣ ሐሙስ እመጣለሁ አለች።

ሐሙስ የክት ልብሷን ለብሳ መጣች። ባለሙያዋ፣ ከንቲባውና ኤራሙን ከድንጋዩ ሥር ቆመዋል። ባለሙያዋ ቁጥሩ ድሮ ስንት እንደነበር ታስታውስ እንደሆን ጠየቀቻት።

ማይሻን ቀና ብላ አየች። "የተወለድኩት እዚህ ፊት ለፊት ነው" አለች። "እናቴ ቁጥር ያስቆጠረችኝ በዚህ ድንጋይ ነው። ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ሦስት።"

ጋኒሽ እጇን ጨብጦ ሊነቅለው ምንም አልቀረው። ባለሙያዋ ጻፈች፣ አመሰገነች፣ ሄደች። ኤራሙን ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

"ምነው ማይሻን? ምን በደልኩሽ?"

"ኧረ ምንም። አንተ ለአገር ሁሉ ተናገርክ፣ እኔ ቃልህን አጸናሁልህ። የመጀመሪያ ጎረቤት የቤቱን ጌታ በእንግዳ ፊት ውሸታም አያሰኝም።"

ታማኝነት ነው ወይስ በቀል እያልን ጋኒሽ ቤት እስካሁን እንከራከራለን። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ነው፤ ሴትዮዋ በአንድ አፍ ሁለቱንም ጨረሰቻቸው። ኤራሙን ግን ያሳዝነኛል። የሚያሳዝነኝም የሚገባውን ስላገኘ ነው።

ኦይሃና ከገና በፊት ሁለት ሸለቆ ማዶ ቤት ያዘች። መስኮቱ ሰፊ ነው አሉ። መጽሔቱ ወጣ፤ የኢቱራልዴ ደጅ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው፣ ኤራሙንም በሩ ላይ ቆሟል፣ ግን ፎቶው ለድንጋዩ ሲባል ሲስተካከል ከግንባሩ በታች ተቆርጧል።

በጥር አንድ ቀትር ማይሻን መንገዱን ተሻግራ መጣች። ኤራሙን መብራት አብርቶ ሾርባውን እየበላ ነበር። አልተቀመጠችም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህና ልሂድ" አለች። "ስትሞት ለንቦችህ መርዶውን የማረዳቸው እኔ ነኝ። ቄሱን እጠራለሁ፣ ከሬሳው ፊት መስቀሉን እይዛለሁ፤ ግዴታዬ ነው፣ አላጓድልብህም። ከቀብር መልስ ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን ለማን ነው የማስረክበው?"

ኤራሙን ማንኪያውን አስቀመጠ። ግድግዳውን አየ፣ እጆቹን አየ።

"ለማዘጋጃ ቤቱ ስጪው" አለ።

"እሱን በጽሑፍ አድርገውና ፈርምበት" አለች ማይሻን። "ከእንግዲህ ለአንተ ቃል አልመሰክርም።"