ለቅሶ የማያወጣ መኪና

ኩዌት፣ አርዲያ ሰፈር የመኪና ዕቃ የሚሸጡት ሁሉ የሚያውቁት አንድ ጥያቄ ነው። «የመንገዱ ጩኸት አስቸገረሽ?» ይሉሻል። አላስቸገረኝም። ቫኔ ዕድሜዋን የጨረሰች ላሜራ ናት፤ በርበሬና ሽሮ፣ ነጠላና የፀጉር ቅባት ጭኜ ከአቡ ሐሊፋ እስከ ሙባረክ አል-ከቢር ስዞርባት እንደ ባዶ ጀሪካን ትንኳኳለች፤ ለምጄዋለሁ። ሰው ድምፅ ማፈኛ የሚገዛው የውጭው ድምፅ እንዳይገባበት ነው። እኔ የፈለግሁት የውስጡ እንዳይወጣብኝ ነበር።

ይህን ስነግረው ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ መኪና ውስጥ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ሰው ላስለቅስ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

በእኛ አገር የእናት መርዶ በስልክ አይነገርም። ማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ከቦ፣ ስትወድቂ የሚይዝሽ ሰው ባለበት ነው የሚነገረው። ኩዌት የምትሠራ የቤት ሠራተኛ ግን ጎረቤት የላትም፤ የምታድረው ሰው ቤት ነው፣ የምትደገፈው ግድግዳ እንኳ የሰው ነው። ስለዚህ መርዶው እኔ ቫን ውስጥ ይነገራል። ማን እንደ ሾመኝ አላውቅም። በየደጁ ዕቃ የማደርሰው እኔ ስለሆንኩ፣ አገር ቤት ያለ ዘመድ ለእኔ ይደውላል። እኔም ሁለት ትልልቅ ሴቶች ይዤ ልጅቷን ከደጅ አነሳታለሁ።

ከዚህ በፊት አንዷን በጀምዒያው ደጅ፣ ሰፈርተኛው አስቤዛ በሚገዛበት መደብር መኪና ማቆሚያ ላይ፣ አባቷን አረዳናት። ጩኸቷ ላሜራውን እንደ ወረቀት ቀዶት ወጣ። ሰው ተሰበሰበ፤ ስልክ አወጣ፣ ቀረፀ። ያገትናት መስሏቸው ፖሊስ ጠሩ፤ ፖሊስ አሠሪዋን ጠራ። አሠሪዋም «እብድ ቤቴ አላስቀምጥም» ብሎ ሳይውል ሳያድር ወደ አገሯ ጫናት። አባቷ በሞተ ሰሞን እንጀራዋም አብሮ ተቀበረ።

አሁን ደግሞ ሙባረክ አል-ከቢር የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ እናቷ ሞተችባት። ወንድሟ ደውሎ ነገረኝ፤ እሷ ገና አልሰማችም። የዚያችኛዋ ዕጣ እንዳይደርስባት ብዬ ፈቃድ ልጠይቅ ወደ ማዳሟ ሄድኩ። ማዳም በሩን ገርበብ አድርጋ ሰማችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ንዴቴ በቀለለኝ።

«ሚስኪን» አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። ቀጥላም፣ «ከዒድ በኋላ ብትነግሪያትስ? እንግዳ አለብኝ።»

«ማዳም፣ እናቷ ናት እኮ።»

«አውቃለሁ። የሞተ ሰው ግን አይቸኩልም።»

ስጨቀጭቃት አርብ ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ፈቀደች። «ግን ቤቴ ውስጥ እንዳታለቅስ፣ ልጆቹ ይደነግጣሉ። ስትመለስም ፊቷን ታጥባ ትግባ።»

ፊቷን ታጥባ! ይህችን ቃል እያላመጥኩ ነው አርዲያ የደረስኩት። ሻጩ ያገኘው እንግዲህ እንዲህ የተናደደችውን እኔን ነው።

ላሜራ ላይ የሚለጠፍ አንድ ጥቅል ድምፅ ማፈኛ አወጣልኝ፤ ላዩ የሚያብለጨልጭ ፎይል፣ ሥሩ ጥቁር ሙጫ። «ቡቲል ነው፣ አንደኛ ደረጃ።» ለአንደኛ ደረጃ ዋጋው ረከሰብኝ። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ ሲቀላቀል እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ትምህርት ቤቴ እሱ ነው። አሸተትኩት። አዲስ የተነጠፈ አስፋልት ሸተተኝ።

«ይሄ ጣሪያ ሲያፈስ የሚለጠፍ ሬንጅ ነው» አልኩት።

«መኪናም ጣሪያ አለው።»

«አንተስ ቤት እናት አለችህ?»

ከርካሹም፣ መደርደሪያው ላይ ካለው ውዱ ቡቲልም ቁራጭ ተቀብዬ የቫኔ ኮፈን ላይ ጎን ለጎን ለጠፍኳቸውና ሻይ አዘዝኩ። የኩዌት የቀትር ፀሐይ ጉቦ አትበላም። ሻዩን ሳልጨርስ የርካሹ ፎይል ተንሸራተተ፤ ጥቁሩ ቀልጦ እንደ ማር ወረደ። ውዱ ንቅንቅ አላለም።

«ኮፈንሽ ቆሻሻ ስለሆነ ነው» አለኝ።

«ለቀስተኛ አናት ላይ ሬንጅ ልታንጠባጥብብኝ ነበር!» ብዬ ጮህኩበት። አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየኝ። እውነቱን ለመናገር ከጩኸቱ ገሚሱ የማዳም ድርሻ ነበር፤ እሱ በቅርብ ስለተገኘ ተቀበለላት።

ሻጭ ከተሰደበ በኋላ እውነት ይናገራል። ቫኗን ሙሉ በውዱ ማልበስ እንደማያስፈልገኝ የነገረኝ ያው ሰውዬ ነው። ላሜራውን በጣትሽ አንጓ አንኳኪው፤ እንደ ደወል የሚጮኸው ቦታ ላይ ብቻ ለጥፊ፣ ድፍን ድምፅ የሚሰጠውን ተይው አለኝ። «ደግሞም ቡቲል ላሜራውን ነው ዝም የሚያሰኘው። የሰው ድምፅ የሚያመልጠው በክፍተት ነው» አለና ያረጀውን የቫኔን በር ማሸጊያ ጎማ ጎትቶ አሳየኝ። እንደ ደረቀ ቋንጣ ተሰነጣጥቋል። ስለዚህ ውዱን ጥቂት ገዛሁ፣ የበር ጎማውን ከፈራረሰ መኪና አስወለቅሁ። ወለሉና ጎኑ ላይ ደግሞ አንድ ቤት ሲለቅ የጣለውን ወፍራም ምንጣፍ ደራርቤ አለበስኩት። ቡቲሉን የዳመጥኩት በሊጥ መዳመጫዬ ነው። ራዲዮኑን ከፍቼ በሩን ዘግቼ ከውጭ ሳዳምጥ፣ ከጎረቤት ግቢ የሚመጣ ማጉረምረም ያህል ሆነ። ኮራሁ። ንግድ ላይ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ላይ መኩራት ያስጠላል፤ ግን ኮራሁ።

አርብ ልጅቷን ከደጅ አነሳናት። ሁለቱ ትልልቅ ሴቶች፣ አንዷ ሙስሊም አንዷ ክርስቲያን፣ ወሎዬዎች ናቸው፤ ለቅሶ ላይ አይለያዩም። ግራና ቀኝ ያዟት። ሁለቱን አንድ ላይ ስታይ ገባት መሰለኝ፣ መንገዱን ሁሉ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበር የምታወራው። አቡ ሐሊፋ፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ሐበሾች በብዛት የተከራዩባቸው ፎቆች ሥር አቆምኩና በሩን ዘጋሁ። ሙስሊሟ ነገረቻት።

ጮኸች። ደረቷን መታች፣ አፏን ያዘች፤ እንደገና ጮኸች። በመስኮቱ አጠገባችን ሁለት ወንዶች ሲያልፉ አየኋቸው፤ ቀና እንኳ አላሉም። ዕቃው ሠርቷል። ልጅቷም አየቻቸው። ድንገት ጩኸቷን ገታች።

«እትዬ፣ አይሰማም እንዴ?»

«አይሰማም እህቴ። አትፍሪ፣ አልቅሺ።»

«ማንም አይሰማም?»

«ማንም።»

እንባዋ አገጯ ላይ እንዳለ አፍጥጣ አየችኝ። «እናቴ ሰው የላትም እንዴ? እንደ ሌባ በር ዘግቼ ነው የማለቅስላት? ክፈቺው!»

«ኧረ ልጄ፣ ፖሊስ...» አለች ክርስቲያኗ።

«ይምጣ! ክፈቺልኝ እትዬ፣ ሰው ይስማላት!»

ያን ሁሉ ምንጣፍ፣ ያን ሁሉ ጎማ፣ ያን ሁሉ የአርዲያ ስድብ አሰብኩና ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። እዬዬ ድሮም የሚጮኸው ጎረቤት ሰምቶ እንዲመጣ ነው። እኔ ጎረቤት እንዳይመጣ ከፍዬ አሠርቼዋለሁ። በሩን እስከ ጥግ ስቤ ከፈትኩት።

ድምፅዋ ፎቆቹን መታ። መጀመሪያ ከአንድ በረንዳ አንዲት ሴት አንገቷን አወጣች። ቀጥሎ ከሌላው። ይህን ጩኸት የምታውቅ ሴት ምን ሆነ ብላ አትጠይቅም፤ በቤት ቀሚሷ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች ነው የምትወርደው። የማላውቃቸው፣ ዕቃ ሸጬላቸው የማላውቅ ሴቶች ወረዱ። «የማን ናት?» «የወሎ ልጅ፣ እናቷ ናት።» «ወይኔ እናትዬን!» ቫኗን ከበቧት። የሕንፃው ጠባቂ ሮጦ መጣ።

«ሰው ይረበሻል! ሰው ተኝቷል!»

«እኛስ ምንድን ነን?» አልኩት። ፊቱን አዙሮ ሄደ። ሲመለስ ካርቶን ውሃ ተሸክሞ ነበር።

ከተባለው ሰዓት አሳልፈን ሙባረክ አል-ከቢር መለስኳት። ማዳም በሩን ከፍታ ያበጠውን ዓይን፣ በእንባ የተዥጎረጎረውን ፊት አየች።

«ፊቷን አላጠበችም» አለችኝ።

«ገና አልጨረሰችም፣ ማዳም።»

ከዒዱ እንግዳና ከልጅቷ ፊት የቱን እንደምትመርጥ ስታሰላ ይታየኛል፤ ሂሳብ አውቃለሁ። በመጨረሻ ከበሩ ዞር አለችላት። ልጅቷ ገባች፣ ያልታጠበ ፊቷን እንደያዘች። በሩ ተዘጋ፤ የማዳም ቤት በር ከእኔ ቡቲል ይበልጣል፣ ኮሽታ አልሰማሁም።

ስመለስ ቫኗ አልተንኳኳችም። ንዴቴን የምትሸፍንልኝ ያች ኳኳታ የለችም። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ፣ በሩ ዝግ፣ መስኮቱ ዝግ፣ ባለኝ አቅም ሁሉ ጮህኩ። ከጎኔ ያቆመው ሰውዬ ስልኩን እየነካካ ነበር። ዞር ብሎም አላየኝም።