የጠራናቸው እንግዳ

እንጅባራ ውስጥ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሁድ ከሰዓት የምንሰበሰብ አሥር ያህል ሰዎች ነበርን። ራሳችንን «የሰብዓዊነት ውይይት» ብለን እንጠራ ነበር፤ ሰፈርተኛው ግን «እነዚያ እምነት የለሾች» ይለናል። ከመካከላችን ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሶ የሚመጣ ነበር፤ የቀትሩን የዙህር ሶላት ሰግዶ፣ ሱቁን ዘግቶ የሚመጣ ጨርቅ ነጋዴም ነበር። የሚያገናኘን፣ ሰው ሰው በመሆኑ ብቻ መከበር አለበት የሚለው ሐሳብ ነው። ሲናገሩት ቀላል ነው።

ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። እኔ የጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ስለሚጥል በሽታና ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ተነጋግረን ስናበቃ፣ «ቀጥሎ ስለ ቡዳ እናውራ» ያልኩት እኔው ነኝ። መምህሩ ትንሽ አሰቡና፣ «ቡዳ የሚባሉት በሌሉበት? ከሸክላ ሠሪዎቹ አንድ ሰው ይጠራ እንጂ» አሉ።

ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ ካለ መንደር እየመጡ ገበያ ላይ ጀበናና ድስት የሚሸጡ አንዲት እናት አውቅ ነበር። ስድሳ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። ሄጄ ስጠይቃቸው ዕቃቸውን እያስተካከሉ፣ «መጥቼ ምን ልበል? ቡዳ አይደለሁም ልበል?» አሉኝ።

«የሚሰማዎትን ብቻ ይናገሩ።»

«ተናግሬ ወደ ቤቴ ስመለስስ?»

«እኛ አለን» አልኳቸው። ምን ማለቴ እንደነበር እንኳ አላሰብኩበትም።

የዚያን እሁድ የተከራየነው የማሠልጠኛ ክፍል ጢም ብሎ ሞላ። ወንበር ያጡ ወጣቶች በሩ ላይ ቆሙ፤ በመስኮት የሚያዩም ነበሩ። የስምንት ወር ልጄን ሁልጊዜ የምትይዝልኝ እናቴ ለቅሶ ስለሄደች አዝዬያት መጥቻለሁ።

እንግዳችን ቆመው ተናገሩ። «ልጅ ሳለሁ ውሃ ሲሰጡኝ መዳፌ ላይ ያፈሱልኛል እንጂ ዋንጫ አያስነኩኝም። ድስቴን ይገዙኛል። በድስቴ ወጥ ሠርተው ይበላሉ። እኔ ብቅ ካልኩ ግን ያንኑ ድስት ይከድኑታል።» ከዚያ አማርኛው ከበዳቸው መሰለኝ ወደ አዊኛ ተሻገሩ። የሞተች ልጃቸው ስትቀበር ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ሲናገሩ፣ አዊኛ የሚያውቀው ግማሹ ሰው አንገቱን ደፋ።

በሩ ላይ ከቆሙት አንዱ ጮክ ብሎ፣ «ታዲያ ሰው ዓይናችሁን የሚፈራው በከንቱ ነው?» አለ።

«አንተ ንገረኝ እንጂ። የምትፈራው አንተ ነህ» አሉት።

የሳቁ ነበሩ። ያልሳቁት ይበዛሉ። መምህሩ ቶሎ ስብሰባውን ዘጉ።

ስንወጣ እንግዳችን ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጄን አይተው፣ «እንዴት ታምራለች!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። የኔ እጅ ቀድሞ በነጠላዬ ፊቷን ሸፈነ። አስቤ ያደረግሁት አይደለም። ሴትዮዋ የዘረጉትን እጅ መለሱና፣ «አይዞሽ ልጄ፣ አልነካትም» አሉኝ። ይቅርታ እንኳ ሳልል ሰዉ ገፍቶን ተለያየን።

ማክሰኞ ጠዋት ልጄ በትኩሳት ነደደች፤ ደረቷ እየገባ እየወጣ ትተነፍሳለች። ጤና ጣቢያ ይዣት ሮጥኩ። የሳንባ ምች ነበር፤ መርፌ ተጀመረላት። እናቴ ተከትላኝ መጣች።

«ያቺ ሴትዮ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስታደንቃት ተሰምታለች። መጥታ እንትፍ ትበልባት፣ ትለቃታለች።»

«እማዬ፣ የሳንባ ምች ነው። ደሟን በእጄ መርምሬዋለሁ።»

«ምቹንስ ማን አመጣው?»

ስልኬ ጠራ። ታናሽ ወንድሜ ነው። «የሴትዮዋ ቤት የት ጋ ነው? ከሁለት ልጆች ጋር ሄደን እናምጣት» አለኝ።

«አልነግርህም።»

«ጠይቄ አገኘዋለሁ» ብሎ ዘጋው።

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ልጄ አየር ስትስብ አፍንጫዋ ሲርገበገብ እያየሁ፣ ቢያመጧቸውስ፣ አንዴ እንትፍ ቢሉባት ምን ይጎዳል ብዬ አስቤያለሁ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ሦስት ጎረምሳ አንዲት አሮጊት እየጎተተ ሲያመጣ ታየኝና መምህሩ ጋ ደወልኩ። «ልጄን ይዤ ጤና ጣቢያ ነኝ፤ ወንድሜ ሸክላ ሠሪዋን ሊያመጣ እየሄደ ነው፤ ቀድመው ይድረሱ» አልኳቸው። ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የማውቀው ነገር አልነበረም። መምህሩ ባጃጅ አግኝተው ይሁን፣ ወንድሜ ቀድሞ ይሁን፣ ምንም። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ በለሆሳስ ትጸልያለች፣ ስለት ትሳላለች። እኔ የልጄን ትንፋሽ እቆጥራለሁ፤ እየቆጠርኩ ይጠፋብኝና እንደገና እጀምራለሁ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ መምህሩ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆኖ ገቡ። «የሴትዮዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ልጆቹን ጠበቅኋቸው» አሉ። «ወንድምሽን ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ‹እህትህ ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ናት፤ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?› አልኩት። ቆሞ ቆሞ ተመለሰ። ሴትዮዋ ግን ከቤት አልወጡም። በሩን ከውስጥ በግንድ ደግፈውት ነበር።»

ልጄ በአምስተኛው ቀን ዳነች። እናቴ ያዳናት ስለቷ እንደሆነ ታምናለች፤ አልተከራከርኳትም። ወንድሜ ደግሞ ለብዙ ጊዜ ቤቴ አልረገጠም።

ሸክላ ሠሪዋ ገበያ መምጣት አቆሙ። ሦስት የገበያ ቀን ጠብቄ መንደራቸው ድረስ ሄድኩ። ጭቃ እየረገጡ አገኘኋቸው። «ግቢ» አላሉኝም።

«ልጅሽ ዳነች?»

«ድናለች።»

«እግዜር ይመስገን።» ትንሽ ረገጡና፣ «ባትድን ኖሮስ?» አሉኝ።

ስለዚያ እሁድ፣ ልጄን ስለሸፈንኩባቸው ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ጭቃቸውን መርገጥ ቀጠሉ። ሌላ ጊዜ መጥተው ያነጋግሩን እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን ሥራቸውን አቆሙ።

«እኔ ከእንግዲህ አልመጣም። ማውራት ከፈለጋችሁ እናንተ ኑ። በቀን፣ ሰው እያያችሁ ኑ።»

ይህንን ለቡድኑ ነገርኩ። ከአባላቱ ሁለቱ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ስብሰባው አልተመለሱም። በሚቀጥለው እሁድ ስድስታችን ሄድን፤ ጨርቅ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ መምህሩ በከዘራ። መንደርተኛው አጥር ተደግፎ ተመለከተን፤ ሰላምታችንን የመለሱ ጥቂቶች ናቸው። ሴትዮዋ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ይጠብቁን ነበር። መምህሩ ውይይቱን ሊከፍቱ ሲነሱ፣ «ይቀመጡ። ዛሬ የምንጠይቀው እኛ ነን» አሏቸው።

መምህሩ ተቀመጡ።