ሐይቁን የፈራው ባሌ

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት ውዱእ ነበር። ባሌ ሰይድ ለሱብሒ ሶላት ሐይቁ ዳር ወርዶ መታጠቡን ተወና «ከጉድጓድ ውሃ ቅጂልኝ» አለኝ። ታንኳ ሠርቶ፣ ታንኳ ቀዝፎ የሚያድር ሰው ነው፤ ቤታችንም ከጣና ሃያ እርምጃ አይርቅም። ስንፍና መስሎኝ ሳቅሁበት። በዚያ ሳቄ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ጣሊያን ባሕር ዳር በገባ በዓመቱ ነው። ከዚያ ጧት አሥር ቀን ቀደም ብሎ ሰይድና ታናሽ ወንድሜ እንድሪስ ከዘጌ እንጨት ጭነው ሲመለሱ፣ የጣሊያን ሞተር ጀልባ ጥግ ጥጋቸውን አለፈ። ማዕበሉ ታንኳቸውን ገለበጠው። ሰይድ ብቻውን ተመለሰ። የእንድሪስን ሬሳ እንኳ አላገኘንም።

ከዚያ ሁሉም ተከታተለ። እንቅልፍ ጠፋ። መብል ጠፋ። የሞተር ድምፅ ሲሰማ አልጋ ሥር ይገባል። ቀኝ እጁን ጨብጦ አይፈታም። ጥፍሩ መዳፉን በሳው። ሊናገር አፉን ሲከፍት እኔ እቀድመዋለሁ፦ «እርሳው! አላህ ያለው ነው፤ እርሳው።» ጎረቤቱም እንደ እኔው። አጎቱ ጂን ነው ብሎ ቁርአን አስቀራለት፤ ሲቀራለት ረጋ ይላል፣ ሲያበቃ ይብስበታል። በኋላ «ልሙት» ማለት ጀመረ። ቢላዋ ደበቅን። ከምሰሶ አሰርነው። ገመዱን የያዝሁት እኔ ነኝ።

ገመዱ ክንዱን ልጦት ቁስሉ ሲያመረቅዝ ወደ ጣሊያኖቹ ክሊኒክ ወሰድነው። በደጃቸው ማለፍ እንኳ ደሜን ያፈላው ነበር። ዶክተሩ ከበር ላይ አየት አድርጎ «ሜላንኮኒያ፣ የሐዘን በሽታ» ብሎ አለፈ። ቁስሉን ያጠቡት ባሻይ ገብሩ የሚባሉ፣ ከጣሊያን ጦር ጋር ሊቢያ የዘመቱ የአስመራ ሽማግሌ ናቸው። በሆዴ «ባንዳ» ብዬ ፊቴን አዞርሁባቸው። እሳቸው ግን የተጨበጠውን እጅ አዩ።

«ምን ይዘሃል ልጄ?»

እኔ ቀደምሁ። «እርሳው እያልነው ነው፣ ባሻይ።»

«ገና ሳይናገረው እንዴት ይረሳዋል?» አሉኝ። «ሊቢያ እንዲህ የሆኑ ወታደሮች አይቻለሁ። ዝም በሉ የተባሉት አልዳኑም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይናገር። አንቺ ‹ከዚያስ?› በይ እንጂ ሌላ አትጨምሪ።»

ቤት ስንገባ ገመዱን ፈታሁ። ተናገር አልሁት።

ጀልባው መጣ። ታንኳው ተገለበጠ። እንጨቱ እንድሪስን ራሱን መታው። ሰይድ በቀኝ እጁ ያዘው። እንድሪስ ወደ ታች ጎተተው። እዚህ ላይ ቆመ።

«ከዚያስ?»

«ለቀቅሁት፣ ዘይነባ። እሱ ይዞኝ ሳለ ለቀቅሁት።»

ጮህሁ። ደረቱን መታሁት። ጥዬው ወደ እናቴ ቤት ሄድሁ። እርሳው እለው የነበረው ለእሱ አዝኜ አልነበረም። ይህን ላለመስማት ነበር።

በሁለተኛው ቀን እናቴ፣ የሟች እናት፣ ነጠላዬን አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። «አንዱን ሐይቁ ወሰደው። ሁለተኛውን አንቺ ልትወስጂው ነው?» አለችኝ። ተመለስሁ።

ከዚያ ወዲህ ባሻይ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ፣ እሱ ሲናገር እኔም ሳለቅስ ሳይቸኩሉ ተቀምጠው ያዳምጡን ነበር፤ ትንፋሹ ሲያጥርም እግሩን መሬት አስረግጠው በዙሪያው የሚያየውን ሁሉ በስሙ ያስጠሩታል። ታሪኩን ለአራተኛ ጊዜ ሲናገረው፣ ከለቀቀው በኋላ እንድሪስን ፍለጋ ሦስት ጊዜ መጥለቁ ትዝ አለው፤ ጸጸቱ ያችን ክፍል ደብቆበት ኖሯል። እጁም ቀስ በቀስ ተፈታ። ቀጥሎ ሐይቁን አለማመዱት፦ መጀመሪያ ከበር ሆኖ ማየት፣ ከዚያ ውሃው ዳር እስካለው ደንገል መሄድና ፍርሃቱ እስኪበርድ ንቅንቅ አለማለት፣ «ፍርሃቱ ሲይዝህ አትሽሽ፤ ሲለቅህ ትመለሳለህ» እያሉት። ክረምቱን ሙሉ ፈጀ። በጥቅምት ከሐይቁ ውዱእ አደረገ። ታንኳ ይሠራል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቀዝፎ አያውቅም።

ዛሬ ባለሙያዎቹ በሽታውን ትራውማ፣ ሕክምናውን ሳይኮቴራፒ ይሉታል። ስሙን እነሱ ያውቃሉ። በሽተኛ ለምታስታምሙም፣ ለምታክሙም የምለው ይህን ነው፦ በገመድ አትሰሩት። ቁርአኑንም ጸበሉንም አትከልክሉት፤ ሰሚ ግን ጨምሩለት። ከመስማታችሁ በፊትም ልሰማው የምፈራው ምንድን ነው ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እኔ ራሴን ሳልጠይቅ ባሌን ልገድለው ነበር።

እናቴን አመሰግናለሁ። ባሻይንም አመሰግናለሁ፤ በሆዴ ባንዳ ማለቴን ሳልነግራቸው ሞቱ፣ ይህ ይቆጨኛል። ሰይድ ድኗል፣ እኔ ግን አንዳንድ ቀን ማዕድ ላይ ቀኝ እጁን አይና ንዴቴ ይነሣል። አልውጠውም፤ እናገረዋለሁ። እሱም እጁን ሳይሸሽግ እስክጨርስ ይሰማኛል።